ዘመድ ያልሆነ ታካሚ

ለአስካለ፣

ከተለያየን ወዲህ ሦስተኛው ሐምሲን እየነፈሰ ነው። አቧራው እንደምታውቂው ቀዳዳ አይመርጥም፤ ጠዋት ጠርጌ ከሰዓት በኋላ እንደገና እጠርጋለሁ። አንቺ በዚህ ወቅት እርጥብ ፎጣ ከበሩ ሥር ታነጥፊ ነበር። እኔ ደግሞ ፎጣ ማበላሸት ነው ብዬ እቆጣ ነበር። አሁን እኔው አነጥፋለሁ፤ የሚቆጣኝም የለም።

ይህን የምጽፍልሽ ለማልቀስ አይደለም። ለቅሶውን በወጉ አድርሰናል፤ ተዝካርሽንም እኔና ልጃችን ትርሲት አውጥተናል። የምጽፈው ቤታችን ውስጥ ትልቅ ነገር ስለሆነና የነገሩም መነሻ አንቺ ስለሆንሽ ነው። ለሌላ ሰው ስነግረው ገና ሳልጨርስ ምክር ይጀምርልኛል። አንቺ እስከ መጨረሻው ትሰሚኝ ነበር። ወረቀቱ በሰው እጅ ቢገባም አልሰጋም፤ የምሸሽገው የለኝም።

ሰፈራችን ካርቲየ 6 እንደተውሽው ነው። ሱቄን ማልጄ እከፍታለሁ፣ ቀትር ላይ እዘጋለሁ፣ ጥላው ሲዞር እንደገና እከፍታለሁ። ሽቦው ተቃጥሎ እንደገና የሚጠቀለል ሞተር ግን እየቀነሰ መጥቷል። ሰዉ ርካሽ ቬንትሌተር ይገዛና አንድ በጋ ተጠቅሞበት ይጥለዋል። የሚጠገን ዕቃ መጣል ነውር ነው ስላቸው፣ ልክ ነህ ጋሼ ይሉኝና ሄደው ይጥሉታል። አባቴን ከአገር ቤት ወደዚህ የወደብ ከተማ ያመጣው አሮጌው ባቡር ቆሟል። በምትኩ አዲስ ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ስለሆነ ሄጄ አላየሁትም። የዶራሌ ወደብ ከባድ መኪኖች መንገዱን ስለሚሞሉት ወደ መቃብርሽ ስመጣ ሚኒባሱ ብዙ ይቆማል። ለዚህ ነው አንዳንዴ የማረፍደው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ማዳም ሱዓድን አትረሺያትም። ቀኝ ጎንሽ የደከመ ጊዜ ሐኪሙ የላከልን ቱኒዚያዊት። እኔ ፊዚዮቴራፒስት በሏት ብልም አንቺም ሰፈሩም እንደ ፈረንሳዮቹ ኪኔ ነበር የምትሏት። አጭር ሴት ሆና እጇ እንደ ብረት ሠራተኛ እጅ ጠንካራ ነበር። ክንድሽን ራስሽ እንድታነሺው በበሩ መቃን ላይ ገመድ መሰቀል አለበት ስትል፣ እኔ ከአሮጌ ኩሽኔታ ገመድ የሚያሽከረክር ፑሌጃ ሠራሁ፣ መንጠቆ መታሁ፣ ሰቀልኩት። ኮርቼ አሳየኋት። ቀና ብላ አየችውና፣ እንደ ፈረንሳዮቹ አቶ ለማለት ሙሴ ደምሴ ብላ ጠርታኝ፣ ይህ ላንተ ቁመት የተሠራ ነው፣ ታካሚዋ አንተ ነህ ወይ አለችኝ። መንጠቆውን ነቅዬ ዝቅ አድርጌ መታሁት። በማግስቱ ከመኝታ ቤት ስወጣ መንጠቆው ግንባሬን አለኝ። ከታመምሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሽው ያን ጊዜ ነው። ሳቅሽ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነበር። የተቆጣሁ መስዬ ወጣሁ እንጂ አልተቆጣሁም። ሱቅ ሄጄ ግንባሬን በመስታወት እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ።

ትርሲት ይህን ሥራ የወደደችው በዚያ ገመድ አጠገብ ተቀምጣ ነው። ጣቶችሽን ስትዘረጋልሽ አንቺ ታማርሪያለሽ፣ እሷ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ እማዬ» ትልሻለች፤ አንዱ ጊዜ ደግሞ መቼም አንድ ሆኖ አያውቅም። ብርጭቆ አንስተሽ ራስሽ ውኃ የጠጣሽ ዕለት ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች ያለቀሰችው። ሁለተኛው ሕመም መጥቶ ሲወስድሽ እኔ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ቀረ አልኩ። እሷ እንደዚያ አላየችውም።

ካለፍሽ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ በካናዳ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት ከተማ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ ሁለተኛ ዲግሪ እንደሚያስተምር ነገረችኝ። የመግቢያ መስፈርቱን አትመሽ አምጪልኝ አልኳት። ያላነበብኩትን ነገር እሺም እምቢም እንደማልል ታውቂያለሽ። መዝገበ ቃላቴን አጠገቤ አድርጌ ሱቅ ውስጥ አነበብኩት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አከበርኳቸው። ዲግሪ የያዘ ሁሉ ይምጣ አይሉም። የሰውነት አሠራር፣ ፊዚክስ፣ ስታቲስቲክስ መማር አለባት ይላሉ። ውጤቷ ዝቅ ካለ አትድከም ይላሉ። የሚያውቋት ሁለት መምህራን እንዲጽፉላት፣ እሷም ለምን ይህን ሥራ እንደመረጠች በራሷ ቃል እንድትገልጽ ይጠይቃሉ። እኔ ያለ አስተማሪ ከመጽሐፍና ከተበላሸ ሞተር የተማርኩ ሰው ነኝ። በሩ ላይ ቆሞ ማን ነህ፣ ምን ታውቃለህ ብሎ የጠየቀኝ ትምህርት ቤት የለም። ልጄን እንዲህ አጥብቆ የሚጠይቅ ቤት መኖሩ ደስ አለኝ።

ፊዚክሱ ስለጎደላት እዚሁ ተመዝግባ ወሰደች። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ትመጣና የተፈታ ሞተር በመካከላችን አድርገን እናጠና ነበር። አባዬ ሁሉን ነገር በሞተር ነው የምታስረዳኝ፣ የሰው ጉልበት እኮ እንደ ሞተር ካርቦን የለውም እያለች ትስቅብኝ ነበር። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ አባቴ በሽተኛውን በመፍቻ ሊፈታው ነው ትላለች። ከአንቺ በኋላ ያሳለፍኩት ጥሩ ጊዜ ያ ነው። ጥሩ መሆኑን ያወቅሁት ካለፈ በኋላ ነው እንጂ ያን ጊዜማ አትቀልጂ እያልኩ እገሥጻት ነበር።

የከበደን የመጨረሻው መስፈርት ነው። አመልካቿ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሲያክም አጠገቡ ሆና የተወሰነ ሰዓት መመልከት አለባት፤ ከፊሉን ክሊኒክ ውስጥ፣ ከፊሉን በታካሚ ቤት። ባለሙያው ፈርሞ ያረጋግጣል። ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፣ ታካሚው የአመልካቿ ዘመድ መሆን የለበትም ይላል።

የክሊኒኩን ሰዓት ማዳም ሱዓድ ዘንድ ጨረሰች። የታካሚ ቤት የሚለው ግን አልተገኘም። ማዳም ሱዓድ ቤት ድረስ ሄዳ የምታክማቸው ጥቂት ናቸው፤ ቤተሰቦቹም የማያውቋት ልጅ ቆማ እናታቸውን እንድታይ አልፈለጉም። የፈቀደ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር፣ እሱም ሥራው ተቀይሮ አገር ለቀቀ። ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን እየተቃረበ መጣ። ትርሲት ምግብ እየቀነሰች ሄደች።

በዚህ ጊዜ ነው ሁለቱ ተመካክረው እኔን የያዙኝ። ቀኝ ትከሻዬ ሽቦ ስጎትት ኖሮ ከደረቀ ቆይቷል፤ ሸሚዝ ስለብስ የምታግዢኝ አንቺ ነበርሽ። ማዳም ሱዓድ እቤት እየመጣች ልታክመኝ፣ ትርሲት ልትመለከት ተስማምተዋል። ዘመድ አይሆንም ይላል እኮ አልኳቸው። ማዳም ሱዓድ ስማችንን በወረቀት ጽፋ አሳየችኝ። እኔ ደምሴ ገብረየስ፣ እሷ ትርሲት ደምሴ። እዚያ አገር አባትና ልጅ በአንድ የቤተሰብ ስም ነው የሚጠሩት። የሚመረምረው ሰው እኔን ሙሴ ገብረየስ፣ እሷን ማዱሞዜል ደምሴ ብሎ ያነባል፤ ዝምድናው አይታየውም። እዚህ ቢሆን ይህ ዘዴ አይሠራም። ሶማሌ ጎረቤቶቻችንም እንደኛ ስምን ከአባትና ከአያት ጋር ስለሚቆጥሩ አንድ ጊዜ አይተው የማን ልጅ መሆኗን ያውቃሉ። እዚያ ግን ማንም አይጠይቅም አለችኝ። ክፋት የላትም፤ ልጅቷን ስለምትወዳት ነው።

አይሆንም አልኩ።

ትርሲት ለመነችኝ። ትከሻህ በእርግጥ ታሟል፣ ሕክምናው በእርግጥ ይደረጋል፣ እኔም በእርግጥ እመለከታለሁ፤ ታዲያ ውሸቱ የቱ ላይ ነው አለችኝ። ውሸቱ ስሜ ላይ ነው አልኳት። ስሜን የሰጠሁሽ እንድትጠሪበት ነው እንጂ እንድትደበቂበት አይደለም።

ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ማጠብ ጀመረች። ከዚያ ሳትዞር እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ እንዲህ አጥብቀህ የያዝከው እውነቱን ነው ወይስ እኔን?»

ተነሥቼ ሱቅ ሄድኩ።

አስካለ፣ አንቺ ብትኖሪ መልሱን ከእኔ ቀድመሽ ታውቂው ነበር። ሁለቱንም ነው። ሐሰት ያለበት ወረቀት ላይ ስሜ እንዲገባ አልፈቅድም፤ ይህ ዛሬም አልተለወጠም። ነገር ግን ወረቀቱ ከቀረ ልጅቷም ትቀራለች፣ ሱቅ ዘግቼ ስመጣ መብራት የበራበት ቤት አገኛለሁ ብዬ ማሰቤን ላንቺ አልክድሽም። እሷ ይህን አይታብኛለች። እኔ ልክ ነኝ፤ ልክነቴ ግን ለእኔ የሚመች ሆኖ ስለተገኘ ልጄ ልታምነው አልቻለችም። የዚያን ቀን ሞተር ስጠቀልል የሽቦው ዙር ቁጥር ጠፋኝ። ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ጠፋኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

ለልጄ መልስ የምሰጣት በአፌ እንዳልሆነ ገባኝ። ሕጉ የሚፈልገውን ታካሚ ራሴ ፈልጌ ማምጣት አለብኝ። ዘመድ ያልሆነ፣ ቤቱ የተቀመጠ፣ ክንዱ የማይነሳ ሰው ደግሞ በቅርባችን አንድ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን ተካልኝ።

የእኔንና የተካልኝን ነገር ላንቺ አልተርክም። ቬንትሌተሩን ጠቅልዬለት ሲቃጠል፣ ደምሴ ነው ያቃጠለብኝ ብሎ በእድሩ ስብሰባ ፊት መናገሩን አብረሽኝ ሰምተሻል። የእኔ ጥቅለላ አልተቃጠለም። እርጥብ ልብስ በላዩ አንጠልጥሎ ውኃ ያስገባበት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላም አልተባባልንም። አንቺ በፋሲካ ለሚስቱ ለብርቄ ሳህን ሸፍነሽ ይዘሽ ስትወጪ እኔ ጋዜጣውን ከፍ አድርጌ አነብ ነበር። ካንቺ በኋላ እሱንም እንዳንቺ ቀኝ ጎኑን ያዘው። ከሆስፒታል ወጥቶ ኪኔ የሚባል ደጄን አይረግጥም ብሎ ተቀመጠ። ትርሲት ልጠይቀው ብላ ብትሄድ፣ የደምሴ ልጅ ደግሞ እኔን ልታቃጥል ነው ብሎ መልሷታል።

ቀትር አልፎ ከተማው ሁሉ ሲተኛ ሄድኩ። መንገድ ላይ ማንም እንዳያየኝ ያን ሰዓት መረጥኩ። ብርቄ በሩን ከፍታ ስታየኝ ደነገጠች።

«ጋሽ ደምሴ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ።

ማንም አልሞተም ብያት ገባሁ። ተካልኝ በረንዳው ላይ ወንበር ላይ ነበር። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ሰው የረሳው ዕቃ መስሎ ተቀምጧል። ምላሱ ከብዶታል፤ ተንኮሉ ግን እንዳለ ነው። ቬንትሌተሬን ልትመልስ ነው አለኝ። እንደቆምኩ የመጣሁበትን ነገርኩት። ልጄ ምን ልትማር እንደምትፈልግ፣ ምን እንደጎደላት፣ ታካሚው ዘመድ መሆን እንደሌለበት፣ እኔ በስሜ ማታለልን እምቢ ማለቴን፣ ቀኑም እያለቀ መሆኑን ነገርኩት።

«እኔ ያንተ ዘመድ አለመሆኔን በመስቀል እምላለሁ» አለ።

ብርቄ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ከዚያ ግን ፊቱ ተለወጠ። ደህና ትምጣ፣ ግን አስቀድመህ አንድ ነገር ትላለህ አለኝ። ብርቄ እየሰማች «ቬንትሌተሩ በእኔ ጥፋት ተቃጠለ» በል።

አስካለ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የልጄ ነገር ሁሉ በዚያ ላይ ተንጠልጥሏል። የጓደኛ ቀልድ ነው ብዬ ልለውና ልጨርሰው እችል ነበር።

«ያቃጠለው ውኃ ነው» አልኩት። «ከፈለግህ እንደገና በነፃ እጠቀልልልሃለሁ። በእኔ ጥፋት ነው ግን አልልም።»

ኮፍያዬን አድርጌ ወደ በሩ ዞርኩ። ቤት ስገባ ለትርሲት የምላትን እፈልግ ነበር። ብርቄ ምን ነው እናንተ ሰዎች ብላ ስታለቅስ ይሰማኛል። የአጥሩን በር ስይዝ ተካልኝ ከኋላዬ ጠራኝ።

«ደምሴ! ለካናዳም አልዋሽ፣ ለእኔም አልዋሽ አልክ። ልጅቷን አምጣት። አንተ ግን ቆመህ እንዳታየኝ።»

በማግስቱ ገመድሽንና ፑሌጃሽን ከበሩ መቃን አወረድኩ። ወስጄ ተካልኝ በረንዳ ላይ ሰቀልኩት፤ በዚህኛው ጊዜ በእሱ ቁመት። ማዳም ሱዓድና ትርሲት ሲገቡ እኔ እንደተባልኩት ወጣሁ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የትርሲትን ድምፅ ሰማሁ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጋሽ ተካልኝ» ትለዋለች። እሱ ይራገማል። ያንን ሰምቼ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

ሰዓቱ በጊዜው ሞላ። ማዳም ሱዓድ ፈረመች። ከታካሚው ጋር ያላት ዝምድና በሚለው ፊት ለፊት «የለም» ተብሎ ተጻፈ፤ እውነት ነበር። ትርሲት ወረቀቱን ይዛ ቤት መጣችና አሳየችኝ። ራት ከበላን በኋላ ሳልጠይቃት ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን ያዘችና ቀስ እያደረገች ታንቀሳቅስልኝ ጀመር። ይህ እኮ አይቆጠርልሽም አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ። አላቆመችም።

ተቀበሏት። አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት። ፓስፖርትሽን አትልቀቂ፣ ያልገባሽን ሳትጠይቂ አትለፊ አልኳት። ሌላም የምለው ነበረኝ፤ ሰዉ ስለበዛ አላልኩትም። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ አንድ ሰው መጥቶ ሊቀመጥ ሲል ከለከልኩት። ለምን እንደከለከልኩት አላውቅም። ይቅርታ ጠይቄ ቦታ ለቀቅሁለት።

ቤቱን ልንገርሽ። ሁለት ቬንትሌተር ይዞር ነበር፤ አሁን የሚዞረው አንዱ ነው። ሩዝ ስቀቅል አሁንም ለሁለት ሰው ይሆንብኛል፤ የተረፈውን በማግስቱ እበላዋለሁ። ሸሚዙን ግራ እጄን አስቀድሜ መልበስ ለምጃለሁ። ትርሲት በስልክ ትደውላለች። በረዶው ቀለጠ ትለኛለች፣ ሐምሲን ገባ እላታለሁ፣ ትከሻህስ ትለኛለች፣ ደህና ነው እላታለሁ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ልላት የነበረው ሁሉ ይመጣልኛል። ለሬዲዮው እንኳ መልስ የምሰጥበት ጊዜ አለ። አትሳቂ።

ተካልኝ ጋ አሁንም እሄዳለሁ። ማዳም ሱዓድ አልፎ አልፎ ነው የምትመጣው፣ ገመዱ ግን በየቀኑ መሳብ አለበት፤ የብርቄም ጉልበት ደክሟል። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ገብቼ ክርኑን እደግፍለታለሁ፣ እሱ ይስባል። በየቀኑ እያየሁት ስለሆነ ቆመህ እንዳታየኝ ማለቱን ትቷል። ብዙ አናወራም። እየሳበ በፈረንሳይኛ ይቆጥራል፣ ሲዘልል አርመዋለሁ፣ አልዘለልኩም ብሎ ይጣላኛል። ቬንትሌተሩን እንደገና ጠቀለልኩለት። ብርቄ ልብሱን አሁን ከዚያ አርቃ ታሰጣለች፤ አይቼ ምንም አላልኩም።

በቀደም ብርጭቆ በቀኝ እጁ አንሥቶ ጠጣ። ብርቄ እልል አለች። እኔ ሱቁ ረፈደብኝ ብዬ ወጣሁ። ሱቁ አልረፈደም ነበር። ያ ወረቀት ዛሬ ቢመጣና ዝምድና የሚለውን አንተ ሙላ ቢሉኝ፣ «የለም» ብዬ ለመጻፍ የማመነታ ይመስለኛል። ይህን ለእሱ አልነግረውም።

ገመድሽን ለተካልኝ ትቼለታለሁ፤ ቅር እንደማይልሽ አውቃለሁ። መንጠቆው ግን እዚሁ በበሩ መቃን ላይ ነው። ትርሲት ከመሄዷ በፊት፣ አባዬ አሁን ምን ያደርጋል፣ ግንባርህን ትፈነከታለህ፣ ይነቀል አለችኝ። አይነቀልም አልኳት። አለቃ ቢሆን፣ የእድር ሰብሳቢ ቢሆን፣ ለማንም አንገቴን ደፍቼ እንደማላውቅ አንቺ ምስክሬ ነሽ። ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ ግን እዚያ ስደርስ ጎንበስ እላለሁ። እስካለሁ ድረስ በዚያ በር ቀጥ ብዬ አላልፍም።

ባልሽ፣
ደምሴ